ዌልፌር ለመቀበል ሽንት መመርመር? እስካሁን የተባባልነው

የውይይቱ ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ከላይ ሳያነብ ያለቀ ወሬ እየደገመ ነው። ከፋቹ እኔ ስለሆንኩ የተባለውን ልሰብስበው። ስም አልጠራም፣ የመልስ ቁጥር ብቻ። የራሴንም ጣል ጣል አደርጋለሁ፤ ዝም ማለት አልችልበትም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ ጽሑፌ አጭር ነበር። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ላላቸው ድሃ ቤተሰቦች የሚሰጥ የካሽ ድጎማ አለ። ወረቀቱ ላይ ታኒፍ ይባላል፣ እኛ ግን ዌልፌር እንለዋለን። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ1996 የፈረሙት ሕግ ስቴቶች ተቀባዮችን ድራግ ቴስት (የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ) ማድረግ እንዲችሉ በር ከፈተ። ከዚያ ወዲህ የሞከሩ አሉ። ፍርድ ቤት ያስቆማቸው አሉ። ዙሪያ ጥምጥም ሄደው የሚያደርጉትም አሉ። ይሄ ልክ ነው ወይ? የእኛ ሰው ላይስ ምን ያመጣል? ብዬ ጠየቅኩ። አቋሜን አልደበቅኩም። ገንዘቡ በወላጅ ስም ይውጣ እንጂ የሚበላው ልጅ ነው። የእናት ሽንት ለልጅ ዳቦ ማስያዣ ሲሆን አይጥመኝም።

መልስ 1 ከሲልቨር ስፕሪንግ መጣ። እናት ናቸው፤ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። መጀመሪያ ሁላችንንም መረቁ። ከዚያ ምርመራው በራሱ እንደማይከፋ ጻፉ፣ የተገኘበት ሰው ሕክምና የሚያገኝ ከሆነ ማለት ነው። ገንዘቡን ቆርጦ ሜዳ ላይ መጣል ግን ሱሱን ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያድነውም ባይ ናቸው። ሱስ የገባበት ቤት የሚያውቁ ይመስላሉ። አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

መልስ 2 አንድ መስመር ብቻ ነው። የሰው ገንዘብ የሚበላ ሰው የባለገንዘቡን ሕግ ያክብር የሚል ዓይነት። ላይኩ ግን ከሁላችንም በለጠ።

መልስ 3 ላይ ነገሩ ሞቀ። ከዳላስ የሚጽፍ የትራክ ሹፌር ነው። ቁጣ የለውም፣ ግን ሆድ ብሶታል። እሱ ሥራ ሲጀምር ተመርምሯል። ከጀመረ በኋላም ዕጣ በወጣበት ቁጥር ይመረመራል። ከ2020 ጀምሮ ኩባንያዎች በየዓመቱ ከሹፌሮቻቸው ቁጥር ግማሹን ያህል በዕጣ ማስመርመር አለባቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚሆንም አንድ በአንድ ጻፈልን። ጃኬት ያስወልቃሉ፣ ኪስ ያስራግፋሉ፣ እጅ ያስታጥባሉ። ውሃ ቀድተህ እንዳትቀላቅል የሽንት ቤቱ ውሃ ሰማያዊ ቀለም ገብቶበታል፣ ቧንቧውም ተዘግቷል። ቢያንስ 45 ሚሊ ሊትር መሙላት ግዴታ ነው። ሰብሳቢዋ ኩባያውን ተቀብላ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱን ታነባለች። ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ካልሆነ ጣጣ ነው። አልመጣም ካለ ደግሞ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃ እየጠጡ መቀመጥ ነው። በዚህ መሃል ዲስፓቸሩ (ሥራ መዳቢው) ጭነቱ የት ደረሰ እያለ ይደውላል። እሱ ይሄን ሁሉ የሚችለው ሠርቶ ግብር ለመክፈል ነው። ታዲያ ግብሩን የሚቀበለው ሰው ለምን አይመረመርም? ነው ጥያቄው።

እውነት ለመናገር ክሩ ላይ ከተጻፉት ሁሉ ጠንካራው ሙግት የሱ ነው። መልስ 4 ግን ሲያበሽቅ ጊዜ አልወሰደበትም። ሹፌሩ ወደ 36 ቶን የሚጠጋ ብረት ይዞ አውራ ጎዳና ላይ እንደሚሄድ፣ የሁለት ልጆች እናት ግን የምትገፋው የሕፃን ጋሪ እንደሆነ አስታወሰው። ነጥቡ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን ስድብ ነበረበት፣ ሹፌሩም ተቀየመ።

መልስ 5 መሃል ገባች። ሲያትል የሕግ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ እህት ናት፣ በትሕትና ነው የጻፈችው። አራተኛው ማሻሻያ የሚባለው የሕገ መንግሥቱ ክፍል መንግሥት ያለ ጥርጣሬ ሰውን እንዳይፈትሽ ይከለክላል። ሽንት መውሰድ ደግሞ በሕግ ዓይን ፍተሻ ነው። ልዩ ሁኔታ አለው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 የባቡር ሠራተኞችን ያለ ጥርጣሬ መመርመር የፈቀደው የሰው ሕይወት በእጃቸው ስለሆነ ነው። ሹፌሩ የሚመረመረውም በዚሁ ምክንያት እንጂ ደመወዝ ስለሚበላ አይደለም። ድህነት ብቻውን የጥርጣሬ ምክንያት መሆን ይችላል ወይ የሚለው ነው ፍርድ ቤቶቹን ሲያከራክር የኖረው። ከዚህ በኋላ ሹፌሩና መልስ 4 ለጊዜው ዝም አሉ።

መልስ 6ን ያላነበበ ሰው ምንም አላነበበም። እህታችን በ2011 ኦርላንዶ ነበረች። የፍሎሪዳው ገዥ ሪክ ስኮት የፈረሙት ሕግ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ሥራ ላይ ዋለ። የካሽ ድጎማ የሚያመለክት ሁሉ ተጠረጠረም አልተጠረጠረም ይመረመራል። ክፍያውም ከራሱ ኪስ ነው። ነጻ ሆኖ ከተገኘ ገንዘቡ ኋላ ከድጎማው ጋር ተደምሮ ይመለስለታል። አሁን አስቡት፤ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ዶላር ቢኖር ማን ዌልፌር ቢሮ ይሰለፋል? እሷ ያኔ አብራት የምትኖር ጓደኛ ነበረቻት። ልጅ ታቅፋ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የላቦራቶሪው በር ላይ ደረሰች። ካሽ አንቀበልም አሏት። ካርድ ደግሞ የላትም። ተመልሳ መጥታ ካሹን ለእህታችን ሰጠቻት፣ በእህታችን ካርድ ሊከፈል። በማግስቱ ሥራ ቀርታ አብራት ሄደች። ልጁ አልቅሶ አልቅሶ ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፣ እናቱም ኩባያ ይዛ ገባች። ውጤቱ ነጻ ነበር። ይገኝብኛል ብሎ የጠበቀም አልነበረም።

እሷው ቁጥሩንም አመጣች፣ ቁጥሩ ሁሉም ጋ የታወቀ ነው። ሕጉ ሥራ ላይ በቆየባቸው አራት ወር ገደማ 4,086 ሰው ተመረመረ። የተገኘባቸው 108 ናቸው፤ 2.6 በመቶ ማለት ነው። ስቴቱ ለነጻዎቹ የመለሰው ገንዘብ 118,140 ዶላር ደረሰ። አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አልመረመርም ብሎ ከሰሰ። ዳኛዋ ሜሪ ስክሪቨን በጥቅምት 2011 ሕጉን አገዱት፣ በ2013 መጨረሻ ለዘለቄታው ጣሉት። ይግባኝ ሰሚውም በ2014 አጸናው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

መልስ 7 ይሄ ቁጥር ምንም አያሳይም አለ። ተጠቃሚው መመርመር እንዳለ ሲሰማ መጀመሪያውኑ አያመለክትም፤ ስለዚህ 2.6 በመቶ የሚያሳየው ሕጉ መሥራቱን ነው። ብልህ አስተያየት ነው። መልስ 8 ላይ የኦርላንዶዋ ተመለሰች። ያልመጡትማ ሠላሳ ዶላሩን አጥተው ሊሆን ይችላል፣ ኬዝ ወርከር (የዌልፌር ቢሮው ጉዳይ ያዥ) ያሳፈራቸውም ይኖራሉ፣ ቀሪውን ማን ቆጠረ? ብላ ሞገተች። በፍሎሪዳ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ከፍተኛው ድጎማ በወር 303 ዶላር እንደሆነም ጨመረች። በዚህ ገንዘብ ኮኬይን የሚገዛ ሰው ካለ የሒሳብ አዋቂ ነው ማለቷ አሳቀኝ። ሚሺጋን በ1999 ያለ ጥርጣሬ ሁሉንም መመርመር ጀምሮ እንደነበርም ያነሳችው እሷ ናት። አምስት ሳምንት ቆይቶ በፍርድ ቤት ቆመ። ከ268 ሰው 21 ተገኘባቸው፣ ከሦስቱ በቀር ሁሉም ማሪዋና ነው።

እዚህ ላይ ልግባና፦ ሁለቱም ወገን አንድ ቁጥር ይዞ ነው የሚሟገተው። ትንሽ ሰው ከተገኘ አንዱ ሕጉ አስፈራርቷል ይላል፣ ሌላው መጀመሪያም ችግሩ አልነበረም ይላል። ብዙ ሰው ቢገኝ ኖሮ ደግሞ አንዱ አላልኳችሁም ይል ነበር፣ ሌላው ሕክምና ይስጧቸው ይል ነበር። ስለዚህ ቁጥር ብቻ እየወረወራችሁ አትድከሙ።

ከ9 እስከ 14 ያለውን ብትዘሉት አልቆጣም። 9 ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ይመርመሩ ብሎ ቀለደ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ 10 ግን ጆርጂያ ለምርጫ የሚወዳደሩትን የሚያስመረምር ሕግ አውጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 ስምንት ለአንድ እንደጣለው አስታወሰው። ማለትም ዳኞቹ ፖለቲከኛውን ከኩባያው አድነውታል። ድሃዋ እናት የሥር ፍርድ ቤት እስኪደርስላት ጠበቀች። 11 ስለ ኮሚኒዝም ጮኾ አስተዳዳሪው አጠፋው። 12 ነው ነገሩን ያጦዘው። የእኛው ሰው በካሽ እየሠራ፣ ገቢውን እየደበቀ፣ ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) በልቶ ሰርግ ላይ ዶላር ይበትናል ብሎ ጻፈ። ይባስ ብሎ ዲቪ ደርሶት የመጣው ሁሉ ከኤርፖርት ቀጥታ ዌልፌር ቢሮ ነው የሚሄደው አለ። 13 አሳፋሪ አለችው። 14 ላይ ራሱ 12 ተመልሶ፣ አሳፋሪ ማለት እውነት ሲነገር መቆጣት ነው የሚል ነገር ወረወረ። አውቆ የተኛ ሰው ነው። ስለ ገቢ መደበቅ መነጋገር ይቻላል፣ ግን የገቢ ጉዳይ በሽንት አይታወቅም። ለዚያ የደመወዝ ወረቀት አለ።

መልስ 15 ከሚኒያፖሊስ ነው። ብዙዎቻችሁ በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጠየቀ፦ ጫት ይታያል ወይ?

መልስ 16 የሰጠው ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ነው። ከዚህ ክር አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። የተለመደው ምርመራ የሚፈልገው አምስት ነገር ነው፤ ማሪዋና፣ ኮኬይን፣ ከኦፒየም ወገን የሆኑትን፣ አምፌታሚንና ፒሲፒ። ጫት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይሄ ማለት ግን ጫት አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በጥብቅ ከተከለከሉት ጋር ነው የተመደበው፣ ከ1993 ጀምሮ። በፖስታ አስልኮ የተያዘ ሰው ጣጣው ሌላ ነው።

ቀጥሎ የጻፈው ግን ይበልጣል። ማሪዋና አዘውትሮ በሚያጨስ ሰው ሽንት ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ኮኬይን በጥቂት ቀን ይወጣል። አልኮል ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም። እንግዲህ ሦስት ሰዎች ተራ ይዘው እንበል። አንዱ ከሁለት ሳምንት በፊት ጓደኞቹ ጋር ማሪዋና አጨሰ፣ አዘውታሪ ነው። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ሙሉ ኮኬይን ሲስብ ሰንብቶ፣ ቀጠሮው ሲደርስ አራት አምስት ቀን ተወት አደረገው። ሦስተኛው በየማታው አንድ ጠርሙስ ውስኪ ይጨርሳል፣ ልጆቹን ይደበድባል። የሚወድቀው የመጀመሪያው ብቻ ሊሆን ይችላል። የልጅ ደኅንነት ነው የሚያሳስበን ለሚሉ ሰዎች ይሄ ምርመራ ምን ይጠቅማቸዋል? ብሎ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም። 12 እንኳን አልሞከረም።

የጉንፋን መድኃኒት፣ ሐኪም ያዘዘው ኮዴይን፣ የፖፒ ዘር የተነሰነሰበት ዳቦ ሊያሳስቱ እንደሚችሉም ጠቀሰ። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ በሌላ መሣሪያ ሳይሠራ ውጤት ይዞ ሰው ላይ መፍረድ ነውር እንደሆነ ነገረን። የምትወስዱት መድኃኒት ካለ ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ፤ ይሄ የእሱ ምክር ነው፣ እኔም እስማማበታለሁ።

ከዚያ ክሩ በጫት ተያዘ። እንደሚሆን አውቄው ነበር። 17 ከለንደን፣ እንግሊዝ በሰኔ 2014 እስክትከለክለው ድረስ በግልጽ ይሸጥ እንደነበር አስታወሰ። ከተከለከለ በኋላ ደግሞ ሰዉ ወደ መጠጥ ዞረ ባይ ነው፤ ይሄ የሱ ሰፈር ትዝብት ነው። 18 ከአዲስ አበባ፣ አገር ቤት ጫት ለመንግሥት የውጭ ምንዛሪ እያመጣ እዚያ ወንጀል መባሉ እንደሚገርመው ጻፈ። እግረ መንገዱን ሴፍቲኔትን አነሳ። ከ2005 ጀምሮ ባለው ፕሮግራም መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነው የሚከፈለው። እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል። የማይችለው አረጋዊና አካል ጉዳተኛ ደግሞ ቀጥታ ይሰጠዋል። ማንም ሽንት አይጠይቅም፤ የሚጠየቀው አካፋ ነው። 19 ከሐረር ወገን መሆኑን ገልጾ፣ ጫትን ከኮኬይን ጋር አንድ ላይ የጠራ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቅ አለ። ማንም አልጠየቀም። በርጫ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ጽሑፉ ግን ረጅም ነው።

20 ከሜልበርን ናት። ወደ ጉዳያችን መለሰችን፣ እግዜር ይስጥልን። አውስትራሊያ ውስጥ በ2017 የማልኮም ተርንቡል መንግሥት 5,000 አዳዲስ ድጎማ ጠያቂዎችን በሦስት ቦታ ለመመርመር ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ቦታዎቹ ሎጋን፣ ካንተርበሪ ባንክስታውንና ማንዱራ ናቸው። ባንክስታውን የስደተኛ ሰፈር ስለሆነ የእኛም ሰው ጆሮውን አቁሞ ነበር አለች። የወደቀ ሰው ድጎማው አይቋረጥም፤ አብዛኛው ገንዘብ ግን በካሽ መሆኑ ቀርቶ ቁጥጥር ባለው ካርድ ይሆናል። ሁለተኛ ከወደቀ ወደ ሐኪም ይላካል። ሐኪሞቹ ራሳቸው ተቃወሙ፣ ሱስ በዚህ አይታከምም ብለው። መንግሥት ደጋግሞ ቢያቀርበውም ሴኔቱ ሳያሳልፈው ቀረ። መልስ 1 የጻፉት እናት እዚህ ጋ ብቅ ብለው፣ ከፍሎሪዳው ይሄኛው ይሻላል አሉ። እኔም ይመስለኛል፣ ቢያንስ ልጁ ጦሙን አያድርም።

አሁን 21። ክላርክስተን የሚኖር ሰው ነው፣ አትላንታ አጠገብ። ስደተኞችን ሲቀበል የኖረ ድርጅት ውስጥ ሠርቷል። 12ን ያለ ስድብ አስተካከለው። በዲቪ ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ ሰው በፌዴራሉ ሕግ መሠረት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ታኒፍ አይሰጠውም። ይሄም የዚያው የ1996 ሕግ ነው። ስደተኛ ሆኖ የገባና ጥገኝነት ያገኘ ሰው ግን ይሄን አምስት ዓመት መጠበቅ የለበትም። ከኤርፖርት ቀጥታ ዌልፌር ቢሮ የሚለው ወሬ እንግዲህ እዚህ ላይ ተቃጠለ። የጆርጂያንም ነገረን። በ2012 የታኒፍ ምርመራ ሕግ ወጥቶ የፍሎሪዳው ክስ ስለነበረ ሥራ ላይ ሳይውል ተንጠለጠለ። በ2014 ደግሞ የፉድ ስታምፕ ተቀባዮችን ሊመረምሩ ተነሱ። የፌዴራሉ መንግሥት ስቴቶች በፉድ ስታምፕ ላይ የራሳቸውን ቅድመ ሁኔታ መጨመር አይችሉም ብሎ አስቆመው። 12 መልስ አልሰጠም፤ ኢሞጂ ብቻ አስቀመጠ።

22 አስተርጓሚ ናት። ከቢሮ ሆና በስልክ ታስተረጉማለች። እኔ ክሩን ስከፍት ይሄ አልታየኝም ነበር፤ ማንም ሌላም አላነሳውም። ከፍሎሪዳ በኋላ ብዙ ስቴቶች ሁሉንም መመርመር ትተው መጠይቅ አመጡ። መጀመሪያ ጥያቄ ይጠይቁሃል፣ ጥርጣሬ ከተፈጠረ ብቻ ወደ ኩባያው ይልኩሃል። ዩታ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ አውጥታ 12 ሰው ተገኘ። መጠይቁ ከኩባያው የተሻለ ይመስላል። ሰው አያዋርድም፣ ላቦራቶሪ አያስኬድም።

ግን፣ አለች እህታችን፣ አመልካቿ ዜግነት የሌላት ሰው ስትሆን ነገሩ ይለያል። የእኛ ሰው ቢሮ ሲገባ ቅን ሆኖ መታየት ይፈልጋል። ባለሥልጣን ፊት ሁሉንም ልንገረው ይላል። ማሪዋና በሚፈቀድበት ስቴት ኖሮ የሚያውቅ ሰው አንዴ ሞክሬያለሁ፣ ምን ችግር አለው፣ ተፈቅዶ የለ እንዴ ይላል። እዚያ ስቴት ተፈቅዷል። በፌዴራሉ ሕግ ግን አልተፈቀደም፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ደግሞ የሚታየው በፌዴራሉ ነው። የዜግነት መሥሪያ ቤቱ በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ማሪዋና መጠቀም ስቴቱ ቢፈቅድ እንኳ ለዜግነት የሚፈለገውን መልካም ጠባይ ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስቀምጧል። መከሰስ እንኳ አያስፈልግም፤ ማመን ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ እንደሚባለው፣ 300 ዶላር ፍለጋ የገባ ሰው ወረቀት ላይ ምን ጥሎ እንደሚወጣ አያውቅም።

እሷ መስመር ላይ ሆና አንዲት ሴት ስታመነታ ሰምታለች። ከጀርባ ልጅ ያስላል። ጠያቂዋ ጥያቄውን ደገመችው። ሴትየዋ ማንን ነው የምትጠይቂኝ እንደማለት ሳቀችና፣ ኮሌጅ እያለሁ ልትል ጀመረች። አስተርጓሚ ምክር መስጠት አይፈቀድለትም። የሰማውን ብቻ ነው የሚያስተላልፈው። የሚሰማትን አልጻፈችም፤ የጻፈችው ሥራዋን ነው፦ ቃል በቃል አስተላለፈች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ ድንጋጤ ገባ። 23 ማመልከቻዬን ልሳብ ወይ ብላ ጠየቀች። 24 ዋሹ፣ ምን አገባቸው አለ። ይሄን ምክር ማንም እንዳይሰማው። ውሸት መጻፍ ከማሪዋናው የባሰ መዘዝ አለው፣ የሲያትሏ እህት 25 ላይ ጥርት አድርጋ ጽፋዋለች። መጠይቁ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ ካለና የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ፣ ሳትመልሱ ጊዜ ጠይቁ፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በነጻ የሚያማክሩ የሕግ ድጋፍ ቢሮዎች በየከተማው አሉ። ምንም ያልነካ ሰው ደግሞ በባዶ ፍርሃት የልጁን ድጎማ ጥሎ እንዳይሮጥ፤ 23 ምንም ነክታ እንደማታውቅ በኋላ ጽፋለች፣ ማመልከቻዋንም አልሳበችም።

26 ላይ የዳላሱ ሹፌር ተመለሰ። አቋሙን አልቀየረም። አሁንም መመርመር አለባቸው ባይ ነው። ግን ሁለት ነገር ጨመረ። የምርመራውን ዋጋ አስመርማሪው ይክፈል፤ የእሱን ኩባንያው እንደሚከፍልለት ሁሉ። እንዲሁም አንድ ሹፌር ሲገኝበት ከመንገድ ይወርዳል እንጂ ነገሩ እዚያ አያበቃም፤ ባለሙያ ያየዋል፣ የታዘዘለትን ሕክምና ጨርሶ፣ እንደገና ተመርምሮ ነጻ ከሆነ ወደ መሪው ይመለሳል። ለሹፌር መመለሻ መንገድ ካለ ለእናትም ይኑራት አለ። ለመልስ 4ም ይቅር ብሎታል። 4 ደግሞ ወንድሜ ብሎ ጻፈለት። ጥሩ ነው።

እኔ ከሹፌሩ ጋር አሁንም አንስማማም። እሱ የሚመረመረው መሪው ስለተሰጠው ነው። መሪ ያልያዘችውን ሴት በምን አንጻር እንደምንለካት አልነገረኝም። የላቦራቶሪው ሰውዬ የጠየቀውም እንደተንጠለጠለ ነው፦ ውስኪው የማይታይበት ምርመራ የየትኛውን ልጅ ደኅንነት ይጠብቃል? 12ን ጨምሮ ምርመራውን የምትደግፉ ሁሉ፣ ቀጣዩ መልሳችሁ በዚህ ላይ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከ27 በኋላ ያለው በሙሉ ሹፌሩን ስለ ሲዲኤል (የትራክ መንጃ ፈቃድ) የሚጠይቅ ነው። ትምህርት ቤቱ ስንት ያስከፍላል፣ ዳላስ ይሻላል ወይስ አትላንታ፣ ቲም (ሁለት) ሆኖ መንዳት ይከብዳል ወይ። እሱም ለሁሉም በትዕግሥት እየመለሰ ነው፣ ከተማ ለከተማ ዋጋ እያወዳደረ። ለዚህ ሌላ ክር ክፈቱለት፣ ርዕሱ ላይም ሲዲኤል ብላችሁ ጻፉ፣ ሰው ፈልጎ እንዲያገኘው።